ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ሳለ

እሁድ፣ ነሐሴ 18
ከሰዓት በኋላ

ለለምኔ አባት፤

ደብዳቤ ሲጀመር «እኔ ደህና ነኝ፣ አንተስ እንዴት ነህ?» ይባላል። የኔን ደህንነት ለጊዜው ላቆየውና ያንተን ልጠይቅ። ወገብህ እንዴት ነው? የዚያ አገር ውሃ ጨው ይበዛዋል፣ ፓምፑን በዓመቱ ይበላዋል ብለህ ለእህትህ ነግረሃት ነበር። ጉድጓድ ስትወርድ ገመዱን ሌላ ሰው አይሰርልህ፣ ራስህ እሰረው። ምን አገባሽ ትለኝ ይሆናል። ሚስትነቱ ቢረሳ ጭንቀቱ እንዴት ይረሳል?

የምጽፍልህ ስለ አቮካዶው ዛፍ ነው። ትናንት ጠዋት ቆረጥነው።

ይኼን ለሌላ ሰው ብነግር «ዛፍ አይደል እንዴ፣ ሌላ ትተክያለሽ» ብሎ ያጽናናኛል። ለጓደኛዬ፣ ለሒሳብ መምህርቷ፣ በስልክ ሞክሬው ነበር። «እሰይ፣ ጓሮሽ ሰፋልሽ» አለችኝ። አልፈርድባትም። ያ ዛፍ ከምን እንደተነሳ የሚያውቅ በዚህ ዓለም ላይ ካንተና ከእኔ በቀር የለም። ስለዚህ ለአንተ ልንገርህ፤ ቢሰለችህም ታግሰህ አንብበው።

አንድ እሁድ አቮካዶ ስንበላ ልጃችን ዘሩን ከሳህኔ ላይ አንስታ «ይኼ ድንጋይ ነው ወይስ እንቁላል?» ያለችንን ታስታውሳለህ? ትምህርት ቤት ገና መግባቷ ነበር። አንተ ዘሩን በስንጥር ወግተህ ብርጭቆ አፍ ላይ አንጠለጠልክላት፣ ታችኛው ጫፉ ውሃ እንዲነካ። ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ ሰላም ጠፋ። ፊቷን ሳትታጠብ ብርጭቆዋን ታያለች። ዘሩ ሲሰነጠቅ ጮኸች፣ ሥር ሲያወጣ ጮኸች፣ ቅጠል ብቅ ሲልማ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ጠርታ አስጎበኘች።

እራት ላይ የጠየቀችህን ግን እኔ እስከ ዛሬ ክፍል ውስጥ እናገረዋለሁ፣ የማን ጥያቄ እንደሆነ ሳልናገር።

«አባዬ፣ ያንተ ፓምፕ ሞተር አለው። ይኼ ሞተር የለውም። ታዲያ ውሃው እንዴት ቅጠሉ ጋ ወጣ?»

የእጅህ ግራሶ ገና አልለቀቀም ነበር። «ይስበዋላ» አልካት።

«ረጅም ዛፍስ?»

ራስህን አከክ አደረግህ። «እኔ የማውቀው፣ ከላይ ሆነሽ ውሃ ስትስቢ ከአስር ሜትር በላይ አይወጣልሽም። የፈለግሽውን ሞተር አምጪ፣ አይወጣም። ለዚህ ነው ፓምፑን ታች ጉድጓዱ ውስጥ የምንከተው።» ከዚያ ወደኔ ዞር አልክ። «መምህርት፣ የትምህርት ቤታችሁ ባሕር ዛፍ ግን ከአስር ሜትር ይበልጣል። እስኪ አስረጂን።»

አስረዳኋችሁ። ውሃው ቅጠል ላይ ደርሶ ይተናል፤ የተነነው ከኋላው ያለውን ይጎትታል፤ የውሃ ቅንጣቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው የሚጓዙት፤ መንገዳቸው ከፀጉር የቀጠነ ስለሆነ ሰንሰለቱ በቀላሉ አይበጠስም አልኩ። ሙያህ አይለቅህምና «አየር ከገባበትስ?» አልከኝ። «ያኔ ይበጠሳል» አልኩህ። «አየሽ ልጄ፣ ዛፍም እንደኔ አየር ይፈራል!» ብለህ ጠረጴዛውን መታህ። ደስታህ የሎተሪ ነበር የሚመስለው።

እሷ አልረካችም። «ለምንድነው ግን እጅ ለእጅ የሚያያዙት?»

«ይኼንንማ እናትሽም አታውቀውም።» ሳቅክ፣ እኔም ሳቅኩ። ለምኔ ያልካትም በዚሁ አይደል፣ «ለምን» ከአፏ ስለማይጠፋ። ከዚያ ወዲያ በወጣላት ስም ማን ጠራት?

አንድ ያልነገርኩህ ደግሞ አለ። አንተ ለሥራ ክፍለ ሀገር ወጥተህ ሳለ ነው። ችግኙን ከጓሮ አጥሩ ሥር ከተከለች በኋላ ውሃ እያጠጣችው «ቅጠሉ ምግብ የሚሠራው በፀሐይ ነው ካልሽ፣ ሥሩ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ምን ይበላል?» አለችኝ። «ቅጠሉ ይልክለታል» አልኳት። «ውሃው በእንጨቱ በኩል ወደ ላይ ይወጣል፤ ምግቡ ደግሞ በቅርፊቱ በኩል፣ ውስጥ ውስጡን፣ ወደ ታች ይወርዳል።» ትንሽ አሰበችና «እንደ አባዬ» አለች። «አባዬም ሩቅ ሆኖ ይልክልናል።» ስትመጣ ልነግርህ አስቤ ነበር። ከዚያ ረሳሁት። ከዚያ ደግሞ እንዲህ ያለ ወሬ የሚወራበት ቤት አልቀረንም።

ያን ጊዜ የሆነውን አላስረዝመውም። ጠዋት ራሴን አለች፣ እኩለ ቀን ሳይሆን ሐኪም ቤት ነበርን። ማጅራት ገትር። አንተ መንገድ ላይ ነበርክ፣ መኪና እየቀያየርክ። ስትደርስ አልቆ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ቆመህ፣ የጉድጓዱ ጭቃ ጫማህ ላይ እንደደረቀ፣ «ለምን ቶሎ አላመጣሻትም?» አልከኝ።

ሐኪሟ ራሷ ነገረችህ። ቶሎ እንዳመጣኋት፣ በሽታው ግን ከእናት እግር እንደሚፈጥን። ሰምተሃል፣ ራስህን ስትነቀንቅ አይቻለሁ። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ልጃችንን ስናቆላምጥበት የኖርነውን ቃል አንተ በዚያ ኮሪደር ላይ ወረወርክብኝ። ከዚያ ወዲያ በአንድ ቤት እየተላለፍን፣ «ጨው አቀብይኝ»፣ «በሩን ቆልፈሃል?» እየተባባልን ከረምን። ያ የሩቅ አገር ሥራ ሲመጣ «ለስድስት ወር ነው» አልክ። ሻንጣህን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። የስድስት ወር ልብስ አለመሆኑን እጄ እያጠፈ ያውቀው ነበር።

ዛፉ ግን አደገ። ከአጥሩ አለፈ፣ ከቆርቆሮው አለፈ። አላፈራም። ከዘር የበቀለ አቮካዶ ብዙ ዓመት ያስጠብቃል፣ አንዳንዱም ሳያፈራ ይቀራል። ይኼን ለተማሪዎቼ እያስተማርኩ በየዓመቱ እንቡጥ የምፈልገው እኔው ነበርኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ወንበር አውጥቼ ጥላው ሥር ደብተር አርማለሁ። አበደች እንዳትለኝ፣ ከዛፍ ጋር አላወራሁም። አጠገቡ መቀመጥ ብቻ ነበር የፈለግኩት።

አንተ ከሄድክ በኋላ ከጀርባችን ያለው ቤት አንድ ልብስ ሰፊ ከእናቱ ጋር ገባ። ሰፈሩ «ሚሊሜትር» ይለዋል። «አሥር ጊዜ ለካ፣ አንዴ ቁረጥ» የሚባለውን እሱ ቃል በቃል ነው የያዘው፤ ሱሪ ለማሳጠር የገባ ሰው ትዕግሥቱ ያልቅና «እንዲሁ ረጅም ይሁን» ብሎ ይወጣል ይባላል። ጨዋ ሰው ነው፣ ድምፁ እንኳ አይሰማም። ችግሩ የዛፉ ሥር ነው። በአጥሩ ሥር አልፎ እናቱ የሚተኙበትን ክፍል ግድግዳ ከፈለው። ሲዘንብ ውሃ በስንጥቁ ይገባል። አሮጊቷ ደግሞ ደረታቸው ደካማ ነው፤ ሳላቸው ወጥ ቤቴ ድረስ ይሰማኝ ነበር።

በሬን አንኳኩቶ ለመነኝ። «መምህርት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ስለ ዛፉ ነበር...»

«ዛፉ አይነካም» አልኩት።

ሌላ ቀንም መጣ። ስንጥቁን አስደፍናለሁ አልኩ፣ በሲሚንቶ አስደፈንኩም። ዝናብ ሲመጣ ተመልሶ ተከፈተ። እንደገና መጣ፣ እንደገና «አይነካም» አልኩት። ለምን እንደማይነካ ግን አልነገርኩትም። ስለሷ ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። አፌን ከከፈትኩ መዝጋት የማልችል ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ለፈተና እርማት ሌላ ከተማ ላኩን። ስመለስ ዛፉ ደህና ነበር፣ ቅጠሉ ዝናብ አጥቦት ያብረቀርቃል። ሻንጣዬን አስቀምጬ፣ ወንበሬን ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ከጉልበቴ ከፍ ብሎ ግንዱ ዙሪያውን ተልጧል። ስፋቱ መዳፍ ያህል ነው። ቅርፊቱ የለም፣ እንጨቱ ራቁቱን ሆኖ ይታያል። ጠርዙ ደግሞ ከላይም ከታችም ቀጥ ያለ ነው፣ እንደ ሱሪ እግር የተለካ። የማን እጅ እንደሆነ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም።

በፓምፕ ቋንቋ ብነግርህ ይቀልሃል። የሚወጣው መስመር አልተነካም፣ የተቆረጠው የሚወርደው ነው። ውሃው በእንጨቱ በኩል እንደወትሮው ወደ ላይ ይሄዳል፣ ስለዚህ ቅጠሉ ምንም የሆነ አይመስለውም። ቅጠሉ የሚሠራው ምግብ ግን ቁስሉ ጋ ሲደርስ መንገድ ያጣል። ሥሩ ያጠራቀማትን እየቆረሰ ይቆያል፣ ወራት፣ ከጠና ዓመት። እሷ ስታልቅ ሥሩ ይሞታል። ሥሩ ሲሞት ውሃ የሚያቀብል የለም። ላይ ያለው መሞቱን የሚያውቀው ያኔ ነው።

አጥሩን ዞሬ ሄድኩ። በር አላንኳኳሁም። ስፌት መኪናው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሲያየኝ እግሩን ከመርገጫው አነሳ።

«ምን አደረግህ?» አንቱታው ከየት ይምጣ!

«መምህርት...»

«ምን አደረግህ ነው የምልህ!»

«አልቆረጥኩትም እኮ» አለ። «ቀስ ብሎ ይደርቃል አሉኝ። እኔም... በራሱ ጊዜ የደረቀ ከመሰለዎት አያዝኑም ብዬ ነው።»

«አላዝንም?»

መሬት መሬት አየ። እኔ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። በቀብሯ ቀን እንኳ አልጮኽኩም፣ ታስታውሳለህ፣ ሴቶቹ «አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» ሲሉኝ ደርቄ ቀርቼ ነበር። ያን ቀን በዚያ ሰው ቤት ወለል ላይ ቆሜ «ልጄ ናት የተከለችው! ልጄ የለችም! እሱ ብቻ ነበር የቀረኝ!» ስል ሰፈሩ ሁሉ ሰማኝ። ሚሊሜትር ከወንበሩ ተነሳ። የመለኪያ ሜትሩ ከአንገቱ ላይ ወደቀ፣ አላነሳውም።

እናቱ ግድግዳ እየዳሰሱ ከውስጥ ወጡ፤ ዓይናቸው እምብዛም አያይም። «ማነው የሚያለቅሰው?»

«መምህርት ናቸው፣ እማዬ።»

«ምን ሆነች?»

«ዛፋቸውን ገደልኩባቸው» አላቸው።

«ለኔ ብለህ?»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ እንደማያዩት ትዝ ሲለው «አዎ» አለ።

እማማ ድምፄን ተከትለው መጥተው እጄን ፈልገው ያዙኝ። «የኔ ሳል ዛፉ ተቆርጦም አይተወኝ፤ ምነው ቀድሜ ባወቅኩ ልጄ» አሉኝ። ቁጣዬን እዚያው ደጃፍ ላይ ጥዬ ወጣሁ። ሌላ የማኖርበት ቦታ አጣሁ።

በማግስቱ ገና በጠዋቱ መጥቶ «የሚድንበት መንገድ የለም?» አለኝ።

አለ። በመጽሐፍ እንጂ በእጄ ሠርቼው አላውቅም ነበር። ከዛፉ ከራሱ ቀጫጭን ቀንበጥ ይቆረጥና አንዱ ጫፉ ከቁስሉ በታች፣ ሌላው ከቁስሉ በላይ፣ ከቅርፊቱ ሥር ይሰካል። ከያዘ፣ ምግቡ በዚያ በኩል ተሻግሮ ይወርዳል። አንተ የተሰበረ ቧንቧ ስታገኝ በጎን ሌላ መስመር እንደምታሳልፈው ማለት ነው። ቀንበጡ ከተገለበጠ አይሠራም፤ ቅርፊቱ ከተቀደደም አይሠራም። ምላጩን ያዝኩ። የመጀመሪያውን ቀንበጥ አበላሸሁት፣ ቀጥሎ ያለውንም።

«እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ ልቁረጥ» አለ።

ምላጩን ሰጠሁት። ቅርፊቱን እንደ ሐር ጨርቅ ሽፋን ገለጥ አደረገው፣ ቀንበጡን አስገባ፣ በጨርቅ ጥብጣብ አሰረ፣ በሰም ደፈነ። ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ተቀብሯል። «እዚህ ላይ ይጥበቅ?» ይለኛል፤ «ትንሽ ላላ አድርገው» እለዋለሁ። ሌላ ቃል አልተለዋወጥንም። ሲያልቅ ግንዱ የተሰበረ እግር መስሎ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር። ቀና ሳይል «ስሟ ማን ነበር?» አለኝ።

ነገርኩት። የወጣላትንም፣ አንተ ያወጣህላትንም። ካንተ በኋላ ስሟን ጮክ ብዬ የጠራሁለት ሰው እሱ ነው። በዚህ እንዳትቀየመኝ።

አንዱ ቀንበጥ አረንጓዴ ሆኖ ሰነበተ፣ እንቡጡም ነፋ አለ። ሚሊሜትር ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳይጀምር በአጥሩ ላይ ብቅ ይልና «አለ?» ይለኛል። «አለ» እለዋለሁ። ደረቁ ነፋስ ሲጀምር ጠቆረ። ጨርቁን ፈትተን አየነው፤ ለካ ከቅርፊቱ ጋር አልተያያዘም ነበር። ቁስሉ ቆይቶ ስለነበር ድሮም ተስፋው የሳሳ ነበር። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ብቅ ማለቱን ተወ።

ኅዳር ላይ ዛፉ አበበ።

አበበ ስልህ፣ ቅጠሉ እስኪጠፋ። ያን ሁሉ ዓመት አንዲት እንቡጥ ያላሳየኝ ዛፍ! ንቡ ወጥ ቤት ድረስ ገባብኝ። አበባው ሲረግፍ ፍሬ ያዘ፣ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ። በአጥሩ በኩል ያለፈ ሁሉ «እንኳን ደስ አለሽ!» ይለኛል። ዳቦ ሻጯ ምን እንደምትናገር ሳታውቅ «ይኸው፣ የታገሠ ከሚስቱ ይወልዳል!» አለችኝ። ሚሊሜትር ደግሞ እናቱን በክንዳቸው ይዞ አመጣቸው። ቅርንጫፉን ዝቅ አድርጎ ፍሬውን አስዳሰሳቸው። «ዳነ እኮ መምህርት! እማዬ፣ ዳነ!» እያለ እንባው ይወርዳል። አንጀቴን በላኝ። እውነቱን ልነግረው አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት።

የማስተምረው ነገር ነው። መውረጃ ያጣ ምግብ ላይ ይከማቻል፤ የተከማቸው አበባ ይሆናል፣ ፍሬ ይሆናል። አትክልተኞችም እያወቁ ቅርንጫፍ የሚልጡበት ጊዜ አለ፣ እንዲያፈራላቸው። ያ ሁሉ ፍሬ የመጣው ሥሩ እየተራበ ስለነበር ነው። ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ ቢጠይቀኝ ጠመኔዬን አንስቼ አስረዳዋለሁ። ለሱ ግን አልቻልኩም። አንድ ሰሞን ደስ ይበለው አልኩ። ሐቁን ልንገርህ? እኔንም ደስ አለኝ። እያወቅኩ፣ ጠዋት ተነስቼ ፍሬዎቹን ቀና ብዬ እያየሁ፣ ደስ አለኝ።

ፍሬው ሲደርስ ሚሊሜትር መሰላል ይዞ መጥቶ አወረደው፣ ለሰፈሩም በየቤቱ አደረስን። አቮካዶ ዛፉ ላይ አይበስልም፤ የኔን ድርሻ መስኮት ላይ ደርድሬ እስኪለሰልስ ጠበቅኩ። ሲለሰልስ ቢላ ማንሳት አቃተኝ። እማማ ይኼን ሲሰሙ «ወዲህ አምጪው፣ ብቻሽን አይወርድልሽም» አሉኝ። እሳቸው ክፍል፣ ያ የተሰነጠቀ ግድግዳ አጠገብ ተቀምጠን በማንኪያ በላነው። ጣዕሙ እንዴት ነው ትለኝ ይሆናል። ውሃ ውሃ ይላል፣ ክር ይበዛዋል። ከዘር የበቀለ ነገር ምን እንደሚሰጥ አይታወቅም።

«እንዴት ነው?» አሉኝ እማማ።

«ልዩ ነው» አልኩ።

አጣጣሙት። «ልጄ፣ ለኔ ብለሽ አትዋሺ። ልጅ የሠራው ወጥ ነው የሚመስለው።»

ሁለታችንም በሳቅ ፈነዳን። ሳቁ መሀል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረብኝ፤ እማማ ማንኪያዬን ከእጄ ተቀብለው ጠበቁኝ። እስክጨርስ አንድም የማጽናኛ ቃል አልተናገሩም። ለዚህ ሁልጊዜ አመሰግናቸዋለሁ።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ቅጠሉ ከጫፉ ጀምሮ ቢጫ ሆነ። ዝናብ እየዘነበ፣ አፈሩ እንደ ሊጥ ርሶ፣ ዛፉ ውሃ ጠማው። ሚሊሜትር በባልዲ ውሃ ተሸክሞ ሲሮጥ ሳየው ያኔ ነገርኩት። ባልዲውን አስቀምጦ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ።

«ታዲያ ያ ሁሉ ፍሬ?»

«ለዚያ ነው።»

«ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ለኔ አዝነው ነው ያልነገሩኝ?» አለ።

«ለራሴም» አልኩት።

ይቆረጥ ያልኩት እኔ ነኝ። ደርቆ ሲቆም በነፋስ እማማ ክፍል ላይ እንዳይወድቅ ፈራሁ። ሚሊሜትር መጋዙን ሲይዝ ወደ ቤት ይግቡ ቢለኝም አልገባሁም። ሲወድቅ የጠበቅኩትን ያህል ድምፅ አላሰማም። ከጉቶው አጠገብ ወንበሬን አስቀምጬ ተቀመጥኩ። ጥላ ስለሌለ ፀሐይዋ ፊቴን ፈጀችው። ቢሆንም ወዲያው አልተነሳሁም።

አሁን የቀረውን ልጻፍ። ፍሬው በወረደ ሰሞን እህትህ መጥታ ነበር። በከረጢት ሞልቼ «ለወንድምሽ በሹፌር ላኪለት፤ የማን ዛፍ እንደሆነ ያውቃል» አልኳት። ከረጢቱን እንደታቀፈች ማልቀስ ጀመረች።

«እትዬ፣ ካንቺ ደብቄ እንቅልፍ አጣሁ። እዚያ ሰው አለችው። ልጅም ወልዷል፣ ሴት።»

ምን አልኳት መሰለህ? «ጥርስ አወጣች?» አልኳት። ከአፌ የወጣው ይኸው ነው። እህትህን አትቆጣት፤ አንተን አልከዳችም፣ ሆዷ አልችል ብሏት ነው። ሻይ አጠጥቼ፣ አንገቷን ስሜ ሸኘኋት። ከሄደች በኋላ ወጥ ቤት ወለል ላይ ተቀመጥኩ። ምን ምን እንዳሰብኩ አልጽፍልህም፤ ከተጻፈ ይቀራል፣ እኔ ደግሞ እንዲቀር አልፈልግም። ተናድጄ ነበር። ቀናሁም፣ በሚስቲቱ አይደለም፣ በብርጭቆ፣ በካልሲ፣ ቤት ውስጥ በሚወድቅ ትንንሽ ነገር ሁሉ። አሁን ሰክኖልኛል። ብቻህን ተቀመጥ ብሎ የፈረደብህ የለም። የሚፈረም ነገር ካለ ላክልኝ፣ እፈርማለሁ። ለምን አልነገርከኝም ብዬም አልጠይቅህም፤ ያቺን ቃል በበኩሌ በሰው ላይ መወርወር ትቻለሁ።

የምለምንህ አንድ ነገር ነው። እዚህ ጤና ጣቢያ የማጅራት ገትር ክትባት መስጠት ጀምረዋል። በኛ ጊዜ አልነበረም፤ ሄጄ፣ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። እዚያ ይኑር አይኑር አላውቅም። ከሌለ ያለበት ከተማ ድረስ ይዘሃት ሂድ። ይኼን ጉድጓድ ልጨርስና፣ ይኼን ፓምፕ ልግጠምና አትበል። እናቷ ታተኩሳለች፣ ክንዷ ያብጣል ብላ ከፈራች፣ አንድ ቀን ነው፣ ያልፋል በላት። ማን ነገረህ ካለችህ አንዲት መምህርት በላት፤ ውሸት አይሆንም። ሲወጓት ደግሞ አንተ እቀፋት። ልጅ መርፌ ሲያማት ያቀፋትን ሰው አንገት ነው አንቃ የምትይዘው።

መልስ ባትጽፍልኝ አልቀየምም። መከተቧን ብቻ በእህትህ በኩል አሰማኝ።

የቆፈርከው ሁሉ ንጹሕ ውሃ ይስጥህ፤ ወገብህን ይጠግንልህ፤ የምታድርበትን ቤት ሰላም ያድርገው። አሮጊቶች ሲመርቁ «ቀባሪ አያሳጣህ» ይላሉ፤ ስሰማው ኖሬ፣ ስንት ነገር በውስጡ እንዳለው የገባኝ ገና አሁን ነው። እኔም እንደዚሁ እመርቅሃለሁ። ልጅህ ትደግልህ፣ ትርዘምልህ፣ አርጅተህ፣ ጥርስህ አልቆ፣ የምትቀብርህ እሷ ትሁን።

የለምኔ እናት